ሻምበል አበበ ቢቂላና ሰውነትን የማላመድ ምስጢር

የሰው ልጅ በተፈጥሮ ያገኘውን በልማድ ካዳበረው ለይቶ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ይቸገራል። አንድ ሰው በሥራው ከጓደኞቹ ልቆ የታየ እንደ ሆነ ተሰጥዎ ነው እንላለን፤ ሰነፍ ሆኖ የተገኘም እንደ ሆነ ተፈጥሮው ነው ብለን እንተወዋለን። በሁለቱም አነጋገር ውስጥ የተሸሸገ አንድ ምክንያት አለ፤ ይኸውም ራሳችን ልንደክም አለመውደዳችን ነው። ሌላው ሰው በተሰጥዎ ብቻ ያሸነፈ ከሆነ፣ እኛ ወደ ኋላ በመቅረታችን የሚወቅሰን አይኖርምና። በዛሬው ጽሑፋችን በባዶ እግሩ ሮጦ በተፈጥሮ ኃይሉ ብቻ አሸነፈ እየተባለ ብዙ የተወራለትን፣ ነገር ግን ድሉን በብዙ ዓመት ልምምድ ያዘጋጀውን የሻምበል አበበ ቢቂላን ሕይወት ለአንባብያን ልናቀርብ የወደድነው ስለዚህ ነው።

በእኛ በጎንደር በኳስ ሜዳ አካባቢ የሚውሉ ወጣቶች፣ አንድ ተጫዋች ሰውነቱ ጠንክሮ፣ ትንፋሹም ሳይቆራረጥ ሲጫወት ያዩት እንደ ሆነ በጥሩ ኮንዲሽን ላይ ነው ይሉታል። በማራኪ ግቢ የሥነ ልቡና መጽሐፍ የሚገልጠው ተማሪ ደግሞ ከዚሁ ቃል የወጣውን ኮንዲሽኒንግ የሚለውን ስያሜ ያገኛል፤ ትርጉሙ ግን ስለ ጡንቻ ሳይሆን ስለ ጠባይ መላመድ ነው። ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት የሆነው በከንቱ አይደለም። የደምቢያ ገበሬ ወይፈን ሲያቀና ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ይሠራል። ወይፈኑን ከለመደ በሬ ጋር አጣምሮ መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ፣ ቀጥሎ ለግማሽ ቀን፣ በመጨረሻም ሙሉ ቀን ያውለዋል። በዚህ መካከል የወይፈኑ ጫንቃ ለቀንበሩ ይጠነክራል፤ ጆሮውም የገበሬውን ድምፅና የጅራፉን ጩኸት ትርጉም ይማራል። ጫንቃው ሳይጠነክር ጆሮው ቢማር፣ ወይም ጆሮው ሳይማር ጫንቃው ቢጠነክር እርሻው አይታረስም። የአበበም ታሪክ የሰውነትና የጠባይ ማላመድ ባንድ ቀንበር የተጠመዱበት ታሪክ ነው።

አበበ ቢቂላ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ነው። በዚያችው ቀን በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር፤ ይህ አጋጣሚ ኋላ ታሪኩን የጻፉትን ሁሉ አስገርሟል። ገና ሕፃን ሳለ በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ወረረ። አበበ እንደ ማንኛውም የባላገር ልጅ ከብት እየጠበቀ አደገ። የእረኛ ልጅ ከጥዋት እስከ ማታ ዳገት ይወጣል፤ ቁልቁለት ይወርዳል፤ የጠፋ ጥጃ ይፈልጋል። ይህ ኑሮ ለእግሩ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እንደ ሆነለት አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከብት የጠበቁ ልጆች እጅግ ብዙ ነበሩ፤ በሮም አደባባይ የታየው ግን እሱ ነው። እንግዲህ ልዩነቱን ከእረኝነቱ በኋላ በመጣው ነገር ውስጥ መፈለግ ይገባናል።

አበበ ወጣት በሆነ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ ወታደር ሆነ። የወታደር ኑሮ የሰዓት ኑሮ ነው፤ መነሣቱም፣ መሰለፉም፣ መተኛቱም በተወሰነለት ጊዜ ይፈጸማል። ከዚህም በላይ አበበ ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ ያለውን 20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እየሮጠ ይመላለስ እንደ ነበር ይነገራል። በዚህ ጊዜ ነበር በትውልድ ፊንላንዳዊ፣ በዜግነት ስዊድናዊ የሆኑት አሠልጣኝ ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ዐይናቸውን የጣሉበት። ሻለቃው የነበረውን ኃይል አልፈጠሩም፤ ሥርዐት ግን ሰጡት። አንድ ቀን ረጅም መንገድ በዝግታ፣ ሌላ ቀን አጭር መንገድ በፍጥነት፣ በየመካከሉም የተመጠነ ዕረፍት እያደረጉ ያሠለጥኑት ጀመር። ከዚያ ቀደም ሩጫ ለአበበ መንገድን መጨረስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን የልብን ትርታ፣ የእግርን እርምጃና የሰዓትን እጅ ባንድነት የመግዛት ትምህርት ሆነለት።

ሰውነት እንዲህ ባለ ልምምድ የሚለወጠው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ሕክምና በሚገባ ያስረዳል። ሰውነት ከለመደው ጥቂት ከፍ ያለ ሸክም ሲጫንበት ለጊዜው ይደክማል፤ ነገር ግን በዕረፍቱ ሰዓት የጎደለውን ሲጠግን ከቀድሞው አስበልጦ ይጠግነዋል። ይህ በየሳምንቱና በየወሩ ሲደጋገም ልብ ባንድ ምት ብዙ ደም መርጨት ይችላል፤ በጡንቻ ውስጥም ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበዛሉ። የማንኛውም አዋቂ ልብ ባረፈበት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ሲመታ፣ የሠለጠነ የረጅም ርቀት ሯጭ ልብ ግን ወደ 40 ዝቅ ሊል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ሸክሙ ብቻ አያጠነክርም፤ ዕረፍት የሌለው ሸክም ይሰብራል፤ ሸክም የሌለው ዕረፍትም ያልማል። ልምምዱን የተወ ሰው ደግሞ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያገኘውን ማጣት ይጀምራል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ሰምተው፣ የሐበሻ ኃይል ከደጋው አየር ነው ይላሉ። በዚህም ነገር ውስጥ እውነት አለ። በሰሜን ተራሮች በአምባራስ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ 236 ሰዎች ላይ የተደረገና በ1995 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት ሊቃውንትን አስደንቋል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ይህን ጉድለት የሚቋቋሙት ኦክሲጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢንን በደማቸው በማብዛት ነው። የሰሜን ሰዎች ግን የሄሞግሎቢናቸው መጠንም፣ በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክሲጅንም በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ያልተለየ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ በብዙ ትውልድ የተገኘ የአገር ሀብት ነው። ዳሩ ግን የደባርቅ ነጋዴም፣ የአምባራስ ገበሬም ይህንኑ አየር ይተነፍሳሉ፤ ሁሉም ማራቶን አያሸንፉም። ደጋው መሬቱን ይሰጣል እንጂ አርሶ አይዘራም።

አሁን ወደ ሁለተኛው የቃሉ ትርጉም፣ ማለት ወደ ጠባይ ማላመድ እንለፍ። በ1842 ዓ.ም. ተወልደው በ1928 ዓ.ም. የሞቱት ሩሲያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ ስለ ምግብ መፈጨት ባደረጉት ምርምር በ1897 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ያገኙ ሰው ናቸው። ውሻ ምግብ ሲቀርብለት ለሐጩን ማዝረብረቡ የታወቀ ነው። ፓቭሎቭ ግን ምግቡ ከመቅረቡ በፊት አንድ ድምፅ እያሰሙ ይህንኑ ብዙ ጊዜ ደጋገሙት። በመጨረሻም ምግብ ሳይኖር ድምፁ ብቻ ሲሰማ የውሻው ለሐጭ መውረድ ጀመረ። ድምፁን ያለ ምግብ ብዙ ጊዜ ቢያሰሙት ደግሞ ያ ልማድ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ውሻው ጥቂት አርፎ ድምፁን በድጋሚ ሲሰማው ግን ልማዱ በመጠኑ ተመለሰ። እንግዲህ ጡንቻና ጠባይ አንድ ሕግ ይጋራሉ። ሁለቱም በመደጋገም ይገኛሉ፤ ሁለቱም በመተው ይደክማሉ። ሆኖም በውሻውና በሰው መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። ለውሻው ድምፁን የመረጠለት ሌላ ነው፤ ሰው ግን ሊያስነሣው የሚገባውን ድምፅ ራሱ ሊመርጥ ይችላል። የአበበን የሮም ሩጫ የምናየው በዚህ ዐይን ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ በሮም ከተማ ለማራቶን ተሰለፈ። የተሰጠው አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተስማማው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ፤ በባዶ እግሩ መሮጥን ቀድሞም ለምዶት ነበርና ውሳኔው ድንገተኛ ድፍረት አልነበረም። አሠልጣኙ 26 ቁጥር ከለበሰው ከሞሮኮው ሯጭ ከራዲ ቤን አብደሰላም እንዲጠነቀቅ ነግረውት ነበር። ራዲ ግን በዚያ ቀን የለበሰው 185 ቁጥርን ነበር። አበበ ከጎኑ የሚሮጠው ሰው ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ፣ 26 ቁጥርን ወደ ፊት እየፈለገ ሮጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ተፎካካሪውን ባለማየቱ በተጨነቀ ወይም በተዝናና ነበር። አበበ ግን እርምጃውን የለካው በተፎካካሪው ሳይሆን በልምምዱ ነበርና አልታወከም።

ቀኑ መሽቶ የኢጣልያ ወታደሮች በመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ቆሙ። ሁለቱ ሯጮች ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ፣ ፋሽስቶች ከአክሱም ዘርፈው በሮም የተከሉት ሐውልት ከፊታቸው ታየ። አበበና አሠልጣኙ አስቀድመው መንገዱን ሲያጠኑ፣ ኃይሉን ሁሉ አውጥቶ የሚያመልጠው በዚህ ሐውልት አጠገብ እንዲሆን ተስማምተው እንደ ነበር ይተረካል። በዚያም ስፍራ ተፈተለከ፤ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥርም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ከሁሉ ቀድሞ ገባ። ራዲን የቀደመው በ25 ሴኮንድ ነው። በዚህ ድል የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። የተዘረፈው ሐውልት ለሌላው ድንጋይ ነበር፤ ለእሱ ግን አስቀድሞ የመረጠው ደወል ነበር። ሐውልቱም በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም ተተክሏል።

ከዚህ በኋላ የባዶ እግሩ ዝና በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ ከልምምዱ ይልቅ እግሩ ተወራ። በ1953 ዓ.ም. በአቴናና በኦሳካ፣ በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያም በኮሺሴ ማራቶን አሸነፈ። በ1955 ዓ.ም. ግን በአሜሪካ በቦስተን ማራቶን አምስተኛ ወጣ። ብዙ ሰው ካንድ ታላቅ ድል በኋላ አንድ ጊዜ ሲሸነፍ ወይ ይመካኛል፣ ወይ ይተዋል። አበበ ወደ ልምምዱ ተመለሰ። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ አምስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ደግሞ የትርፍ አንጀት ሕመም ይዞት በቀዶ ጥገና ታከመ። በብዙ ዓመት የተከማቸ ብርታት ባንድ ሳምንት እንደማይጠፋ የታየው እዚህ ላይ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድም ገባ። ይህ ከሮሙ ሰዓቱ በ3 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ የፈጠነ ነው። ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። የኃይሉ ምስጢር በባዶ እግሩ ላይ ቢሆን ኖሮ ጫማው ባዘገየው ነበር። እንደ ጨረሰም በሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን የሚያፍታታ እንቅስቃሴ ሲያደርግ ተመልካቹ ተደነቀ። ለእሱ ግን ይህ ትርኢት አልነበረም፤ የልምምዱ መደምደሚያ የሆነ የዘወትር ልማዱ ነበር።

ይሁን እንጂ ልምምድ ሁሉን ቻይ አይደለም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ፣ አበበ እግሩ ተጎድቶ ስለ ነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ። በጠና የተጎዳ አካል በፈቃድ ብቻ አይታዘዝም። ነገር ግን በዚያው ቀን ጓደኛው ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሴኮንድ አሸንፎ ወርቁን ለኢትዮጵያ አስቀረ። ማሞም እንደ አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። የሚያስመሰግን ልማድ ባንድ ሰው አካል ውስጥ ተዘግቶ አይቀርም፤ አብሮት ወደሚሮጠው ይተላለፋል።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ ይነዳት የነበረችው ፎልክስ ዋገን መኪና ተገለበጠች። አንገቱ ላይ በደረሰው ጉዳት መላ አካሉ አልታዘዝ አለው። ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ታከመ፤ እጆቹ ሲመለሱ እግሮቹ ግን ከዚያ ወዲያ አልተራመዱም። በዚያ ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የጀርባ አጥንታቸው የተጎዳ ሰዎች ስፖርትን እንደ መድኃኒት እንዲወስዱት ያደርጉ ነበር። በ1940 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ በአካል ጉዳተኞች መካከል የቀስት ውርወራ ውድድር አድርገው ነበርና፣ የዛሬው የፓራሊምፒክ ውድድር ሥሩ ከዚያ ነው። እነሆ በዓለም አንደኛ የነበረው ሯጭ እንደ ጀማሪ ልጅ ከፊደል ጀመረ። ቀድሞ ለእግሩ ያደርግ የነበረውን አሁን ለክንዱ አደረገ፤ ጥቂት ጫና፣ ጥቂት ዕረፍት፣ ነገም እንደገና።

በ1962 ዓ.ም. ክረምት በስቶክ ማንዴቪል በተደረገው ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተካፈለ። በሚያዝያ ወር 1963 ዓ.ም. ግድም ደግሞ ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ተጠርቶ በሄደ ጊዜ፣ በበረዶ ላይ ውሾች በሚስቡት ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። አንባቢ እዚህ ላይ እንዲያስተውል የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። አበበ እግሩን ባጣ ጊዜ የእግሩን ልምምድ አጣ፤ የልምምድን ልማድ ግን አላጣም። ሰውነቱ የተማረው በአደጋው ሲፈርስ፣ ጠባዩ የተማረው ቀርቶ ሌላውን አካል አሠለጠነ። ተሰጥዎው በእግሩ ብቻ የነበረ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ በዚያች የመጋቢት ሌሊት ባለቀ ነበር።

ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ተገኘ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱና በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በተገኙበት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ከዚህ ሕይወት ተማሪውና ወጣቱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ምን ይማራል? ማናችንም ሳንለማመድ የምንውልበት ቀን የለም፤ ጥያቄው የሚያለማምደን ማነው የሚል ነው። የእጅ ስልክ ድምፅ ሲሰማ እጁ ሳያስብ ወደ ኪሱ የሚገባ ወጣት፣ ደወሉን ሌላ ሰው መርጦለታል። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ የሚለው የአባቶች ተረት ይህን ዐይነቱን ልማድ ያመለክታል። ዳሩ ግን ያው ሕግ ለበጎም ይሠራል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 ደቂቃ ያላነሰ መጠነኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይህም በሳምንት አምስት ቀን የግማሽ ሰዓት ፈጣን እርምጃ ማለት ነው። ከማራኪ ወደ ፒያሳ ሁልጊዜ በባጃጅ የሚሄድ ሰው መንገዱን በእግሩ ቢያደርገው፣ ከዚህ ብዙውን ያለ ምንም ወጪ ያገኘዋል።

ልማዱ እንዲጸና የሚፈልግ ሰው አራት ነገር ያስብ። መጀመሪያ፣ አዲሱን ሥራ በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር፣ ለምሳሌ ከጥዋት ቁርስ ወይም ከሥራ መውጫ ሰዓት ጋር ያያይዘው፤ ይህ የራሱ ደወል ይሆነዋል። ሁለተኛ፣ ከሚችለው አሳንሶ ይጀምር፤ ወይፈን በመጀመሪያው ቀን እርሻ አይጨርስምና። ሦስተኛ፣ ዕረፍቱን እንደ ስንፍና ሳይሆን እንደ ሥራው ክፍል ይቁጠረው። አራተኛ፣ አንድ ቀን ቢያጎድል በማግሥቱ ይመለስ፤ አንድ ቀን የጎደለ ልማድ አይሞትም፣ ወር የተተወ ግን ይሞታል። ለፈተና በመጨረሻው ሌሊት ብቻ የሚያጠና ተማሪም፣ ለማራቶን በዋዜማው ብቻ የሚሮጥ ሰው ሊያገኝ የሚችለውን ያህል ውጤት ይጠብቅ።

እኛ ሁላችን አበበን እንሆናለን አንልም፤ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ማሸነፍ የሁሉ ዕጣ አይደለም። ነገር ግን በሱሉልታ መንገድ በየጥዋቱ የተነሣው፣ በስቶክ ማንዴቪልም ቀስቱን የገተረው ያ የመደጋገም ትዕግሥት ከማንም ደጅ ሩቅ አይደለም። ነገ ጥዋት በምን ደወል እንደምንነሣ ዛሬ ማታ ብንወስን፣ የአበበን ታሪክ በከንቱ አላነበብነውም።